ነርስ ለመሆን የትኛውን መንገድ ልያዝ? ለጎጃም ተማሪና ወላጅ ዝርዝር መመሪያ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ስልኬ አያርፍም። ከደጀን ይደወላል፣ ከቢቸና ይደወላል፣ ከሞጣና ከፍኖተ ሰላም ይደወላል። ደዋዩ አንዳንዴ ተማሪው ራሱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን አባት ወይም ታላቅ ወንድም ነው። «ልጅቱ ነርስ እሆናለሁ ብላለች። ዲፕሎማው ይሻላል ዲግሪው? መንግሥት ይሻላል የግል?»

እኔ ነርስ ነኝ። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው። የወረቀቱን ስም ለጊዜው ተውትና ወረቀቱ ቀጥሎ የት እንደሚያደርስ ጠይቁ። በዲፕሎማ ጀምሮ፣ እየሠራ ተምሮ፣ ማስተርስ የደረሰ ሰው አለ። ዲግሪ ይዞ የሙያ ፈቃድ ማውጣት አቅቶት ቤት የተቀመጠም አለ። አብዛኛው ጣጣ ከመመዝገብ በፊት በተጠየቀ ጥያቄ ይቀራል። በተራ እንሂድ።

1. መጀመሪያ ሥራውን ሄዳችሁ እዩ

ይህን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘለዋል። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ የምጨቀጭቀው በዚህ ነው።

ነርስ ሲባል መርፌ የሚወጋ ሰው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እስቲ የሕፃናት ክፍልን ሌሊት አስቡት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ተቅማጥና ትውከት ያደከማት የስምንት ወር ልጅ ገባች። ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ቆዳዋን ቆንጠጥ አድርገው ሲለቁት ቶሎ አይመለስም። ደም ሥሯ ጠፍቷል። ማሰሪያው ካልተገኘ ክንዷ ላይ ጓንት ታስራላችሁ፤ ደም ሥር ውስጥ የምትገባውን ቢጫ ቀጭን ቱቦ፣ ካኑላ የምትባለዋን፣ ትይዛላችሁ፤ የእጇን ጀርባ በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ትፈልጋላችሁ። አንዱ እጅ እምቢ ይላል። ሌላው ይሞከራል። እናት ከአልጋው ሥር «እመብርሃን» እያለች ታለቅሳለች። ደሙ ካኑላው ውስጥ ብቅ ሲል እፎይ ትላላችሁ። ሥራው ግን ገና ነው። ፕላስተሩ መለጠፍ አለበት፤ ግሉኮሱ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚወርድ ሰዓት እያዩ መቁጠር አለ፤ ቻርቱ ላይ መጻፍ አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከአልጋ 6 «ሲስተር! ሲስተር!» የሚል ድምፅ እየመጣ ነው። ጠዋት ላይ ደግሞ እያንዳንዱን ሕመምተኛ ለቀጣዩ ሺፍት አስረክባችሁ ነው የምትወጡት።

ይህን አይታችሁ «እኔ ነኝ ለዚህ» ካላችሁ ቀጥሉ።

ማየት ደግሞ ከባድ አይደለም። ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሂዱና ኃላፊውን «ተማሪ ነኝ፣ ሙያውን ለመምረጥ ነው፣ ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ ልይ» ብላችሁ ጠይቁ። ሕመምተኛ እየተመረመረ ያለበት ክፍል አትግቡ፤ ስልክ አውጥታችሁም ፎቶ አታንሱ። መዝገብ ክፍሉን፣ ክትባቱን፣ የቤተሰብ ምጣኔውን፣ የቲቢውን ክፍል በር በር ላይ ሆኖ ማየት ይበቃል። ቆላ አካባቢ ከሆናችሁ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ ወባ ሲበረታ ሂዱ። ሰልፉን ስታዩ የጤና ጣቢያ ነርስ ሥራ ምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ከተቻለ ከዚያ ከፍ ያለ ሆስፒታልም እዩ። የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ባሕር ዳር ደግሞ ፈለገ ሕይወት፣ በአዴት መንገድ ያለው ጥበበ ግዮንም አሉ። ጤና ጣቢያ ያለ ነርስ ከሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ ይሠራል። ትልቅ ሆስፒታል ያለው አንድ ክፍል ውስጥ ገብቶ በጥልቀት ይሠራል። የአንድ ሰው ጠባይ ከሁለቱም እኩል አይስማማም።

እግረ መንገዴን ለወንዶች አንድ ነገር ልበል። ሙያው የሴት ብቻ ነው የሚባለውን አትስሙ። ወንድ ነርስ ሞልቷል። ገጠር ስትሄዱ እንዲያውም ሴቷን «ሲስተር»፣ ወንዱን «ዶክተር» ነው የሚሉት። ዶክተር አይደለሁም ብትሉ አባባ «እሺ ዶክተር» ብለው ይመልሱላችኋል።

ደም ሳይ ያዞረኛል የሚል ተማሪ ይደውልልኛል። ያልፋል፤ ብዙዎቻችን የመጀመሪያው ሰሞን አዙሮናል። ሌሊት መሥራት አልችልም የሚል ግን ቆም ብሎ ያስብ። ሌሊት አይቀርም። ደመወዙንም ሳትሸፋፍኑ ጠይቁ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን አገር ያውቀዋል። ነርስ ሀብታም ይሆናል ብሎ የሚመክራችሁን ሰው አትመኑት።

2. በእርግጥ ነርሲንግ ነው የምትፈልጉት?

አንድ የጎዛምን አባት «ልጄ ነርስ ከምትሆን ጤና መኮንን ብትሆን አይሻልም ወይ?» ብለውኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጎረቤት ሙያዎቹን ሳይለዩ መምረጥ አይቻልም።

ጤና መኮንን ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ጤና ጣቢያ ይመራል። ሚድዋይፍ ሥራው እርግዝና፣ ወሊድና ከወሊድ በኋላ ያለው ነው። አኔስቴዥያ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነው፤ ሕመምተኛውን የሚያደነዝዘውና ነቅቶ እስኪወጣ የሚከታተለው እሱ ነው። ነርስ ደግሞ ከሕመምተኛው አጠገብ ረጅሙን ሰዓት የሚቆይ ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አብሮ ነው ማሠልጠን የጀመረው። ከጅምሩም አንዱ ያለ ሌላው እንዳይሠራ ተብሎ የታሰበ ነው። ስለዚህ «የትኛው ይበልጣል» ከማለት «የትኛውን ሥራ በየቀኑ ብሠራ አልሰለችም» ብላችሁ ጠይቁ።

ማዋለድ ብቻ የምትወድ ልጅ ነርሲንግ ገብታ ሚድዋይፍ እሆናለሁ ብላ አታስብ። ሁለቱ ከመጀመሪያው የተለያዩ ትምህርት ክፍሎች ናቸው፤ የሙያ ፈቃዳቸውም ለየብቻ ነው።

3. ውጤታችሁን ይዛችሁ ቁርጣችሁን እወቁ

እውነቱን እንነጋገር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ይገባ የነበረበት ዘመን አልፏል። በውጤቱ ማፈር አያስፈልግም፤ ውጤቱን ሳያውቁ ማቀድ ግን ውሃ ወቀጣ ነው።

ሦስት ቦታ ላይ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ከ50 በመቶ በላይ ያመጣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ይመደባል። የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው፤ ገና ነርስ አልሆናችሁም። የትምህርት ክፍል ምርጫ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚወስነውም በፍሬሽማን የምታመጡት ጂፒኤና ክፍሉ የሚቀበለው ቁጥር ነው። ብዙ ልጅ ፍሬሽማንን እንደ ዕረፍት ያየውና ምርጫ ሲመጣ ይደነግጣል። ባዮሎጂና ኬሚስትሪውን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራችሁ ያዙ።

ከ50 በታች ሆኖ ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ለአቅም ማሻሻያ የሚያወጣውን ነጥብ ያለፈ፣ ማለትም ሰው ሁሉ ረሜዲያል የሚለው ላይ የተመደበ፣ አንድ ተጨማሪ ዕድል አለው። ረሜዲያል በ2015 ዓ.ም. ነው የተጀመረው። ጊዜው አጭር ነው፤ መጨረሻው ላይ ፈተና አለ። ከዚያ የወደቀ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እዚያ የገባ ሰው ስልኩን ቤት ትቶ ቢሄድ ደስ ይለኛል።

ሁለቱም ያልሆነለት ወደ ቴክኒክና ሙያ መስመር ይሄዳል። በጎጃም ለዚህ የመንግሥት የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያለው ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ነው። የመግቢያ ነጥቡን ክልሉ በየዓመቱ ያወጣል፤ ምዝገባው ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚቆይ ማስታወቂያው በወጣበት ቀን መስማት አለባችሁ። ድሮ 10ኛ ክፍል ጨርሶ ነበር የሚገባው። የ10ኛው አገር አቀፍ ፈተና ከቀረ ወዲህ ያ ተቀይሯል፤ አሁን በ12ኛ ክፍል ነው። ታላቅ እህታችሁ የገባችበትን መንገድ እየጠቀሱ አትከራከሩ።

4. መንገዶቹ

ደረጃ 4። ሰው ዲፕሎማ ነርስ የሚለው ነው። ቶሎ ያልቃል፤ ቶሎ ሥራ ያስገባል። ትምህርቱ ከክፍል ይልቅ በእጅ ላይ ያተኩራል፤ ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል ጋር እየተያያዘ ነው የሚሄደው። ሲጨርሱ ሲኦሲ የሚባል የሙያ ብቃት ምዘና አለ። ሲኦሲ የጽሑፍ ብቻ አይደለም። መዛኙ ዝርዝር ወረቀት ይዞ ቆሞ እያየ አልጋ አንጥፉ፣ ቁስል አጽዱ፣ መርፌ ውጉ ይላችኋል። እጃችሁን ካልታጠባችሁ ምልክት ይጎድላል፤ ለሕመምተኛው ምን ልታደርጉ እንደሆነ ሳትነግሩ ከጀመራችሁም ይጎድላል። ቤት ውስጥ ቅደም ተከተሉን ድምፅ አውጥቶ እየደገመ የተለማመደ ያልፋል።

ሲኦሲ ያላለፈ ደረጃ 4 ብዙ አያራምድም። ሥራ ሲጠይቁም፣ ወደ ዲግሪ ሲያድጉም መጀመሪያ የሚባለው «ሲኦሲ አለህ?» ነው።

የዚህ መንገድ ችግር መጀመሪያ የተናገርኩት ነው፤ ቀጥሎ የት? ቀጣሪው እያደር ዲግሪ መጠየቅ ለምዷል። ስለዚህ ደረጃ 4 የሚገባ ልጅ ከመጀመሪያው «ሠርቼ ዲግሪ እቀጥላለሁ» ብሎ ይግባ። የሥራ ልምድ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት፣ ሲኦሲና የመግቢያ ፈተና ይጠየቃል። ደንቡ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ማመልከቻ ባለበት ዓመት ያለውን ጠይቁ። በሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን በየጊዜው አስጽፉ፤ ኃላፊው ተቀይሮ መዝገቡ ከጠፋ በኋላ መሯሯጥ አሳሩ ብዙ ነው።

ለማን ይሆናል? ቤተሰቡ ቶሎ ገቢ ለሚፈልግ፣ ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲ ላልበቃ፣ እጁ ከንድፈ ሐሳብ ለሚፈጥን ልጅ። ሰነፍ የሚሄድበት መንገድ የሚመስለው ካለ፣ የእኛን ሆስፒታል ቁስል ማጠቢያ ክፍል መጥቶ ይይ። ደም ሥር ማግኘት ስንቸገር የምንጠራት አንዲት ዲፕሎማ ነርስ ናት።

ቀጥታ ዲግሪ። ጄነሪክ የሚባለው ነው። ፍሬሽማኑን ጨምሮ 4 ዓመት ነው። ፋንዳሜንታል ነርሲንግ (የነርስነት መሠረታዊ ክህሎት)፣ ሜዲካል ሰርጂካል (የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ሕሙማን እንክብካቤ)፣ የእናቶችና ሕፃናት፣ የአእምሮ ጤና፣ የማኅበረሰብ ጤና፣ አመራር፣ ምርምር ይማራሉ። በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች አለ። እንጅባራም ቅርብ ስለሆነ በዓመቱ የሚቀበላቸውን የጤና ትምህርት ክፍሎች ጠይቁ። ውጤት ያለው ልጅ ይህን ቢይዝ እመርጣለሁ። ማስተርስ ቢፈልግ፣ ማስተማር ቢፈልግ፣ ውጭ መሄድ ቢፈልግ ወደ ኋላ የሚመልሰው ነገር የለም።

ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ የሕንጻውን ነገር ተዉት፤ ተማሪው የሚለማመድበትን ሆስፒታል እዩ። ስንት አልጋ አለው? የሕፃናት ጽኑ ክትትል አለው? ለአንድ ሕመምተኛ ስንት ተማሪ ይከባል? ሃያ ተማሪ አንድ አልጋ ዙሪያ ከቆመ ካኑላ የሚያስገባው አንዱ ነው፤ ሌላው ይመለከታል።

ከመጀመሪያው የተለየ ዲግሪ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ የድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን፣ የሕፃናት፣ የቀዶ ሕክምና ነርሲንግ እያለ ለይቶ ይሰጣል። ስሙ ደስ ይላል። ተጠንቀቁ ባይ ነኝ። ዲግሪው ጠባብ ሲሆን የሥራ ማስታወቂያውም ይጠብባል። የወረዳ ጤና ጣቢያ ማስታወቂያ ሲያወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ሁሉንም የሚሠራ ነርስ ነው። ትልቅ ሆስፒታል ያለበት ከተማ የመሥራት ቁርጥ ሐሳብ ካላችሁ፣ ወይም ድንገተኛ ክፍልን ገብታችሁ አይታችሁ ልባችሁ እዚያ ከቀረ፣ ጥሩ ነው። ካልሆነ ጠቅላላውን ነርሲንግ ተማሩና ልዩ ሙያውን በማስተርስ ያዙ።

የግል ኮሌጅ። ደረጃ 4ም ዲግሪም ይሰጣሉ። ጥሩዎች አሉ፤ የማይረቡም አሉ። አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። ዲግሪ ተማሪ በመጨረሻው ዓመት የሚወስደው የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62.37 በመቶ አለፉ። ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ናቸው። ይህ የሁሉም ትምህርት መስክ ድምር ነው፤ ነርሲንግን ብቻ አይደለም። ቢሆንም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ይናገራል።

5. ኮሌጁን መርምሩት

ለግል ኮሌጅ ይህ ክፍል ግዴታ ነው። ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ሻይ ሲቀርብላችሁ እንዳትለሳለሱ።

ዕውቅናውን አሳዩኝ በሉ። ለዲግሪ ፈቃዱን የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ዕውቅና ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይሰጥም። ለካምፓስ ነው፤ ለትምህርት መስክ ነው፤ ለደረጃ ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ግቢ ዕውቅና አለው ማለት ቡሬ ወይም ዳንግላ የተከፈተው ቅርንጫፍ አለው ማለት አይደለም። አካውንቲንግ ላይ አለው ማለት ነርሲንግ ላይ አለው ማለት አይደለም። የወረቀቱን ቀን አንብቡ፤ ዕውቅና ጊዜው ያልፋል። ከዚያ ቅጂውን ይዛችሁ ከባለሥልጣኑ አረጋግጡ። ደረጃ 4 ከሆነ የክልሉ የቴክኒክና ሙያ መሥሪያ ቤት ነው የሚጠየቀው።

ነርሲንግ በርቀት እናስተምራለን የሚል ካጋጠማችሁ ከወንበሩ ተነሡ። ሕመምተኛ በፖስታ አይላክም።

ሌላው ጥያቄ የመውጫ ፈተና ውጤት ነው። «ባለፈው ዓመት ከነርሲንግ ትምህርት ክፍላችሁ ስንት ተፈተኑ፣ ስንት አለፉ?» በሉ። ጥሩ ኮሌጅ ቁጥሩን ይነግራል። መልሱ «አይዟችሁ፣ እኛ ጋ ችግር የለም» ከሆነ ችግር አለ። ለደረጃ 4 ይህንኑ በሲኦሲ ጠይቁ።

ልምምዱ የት እንደሆነ፣ ከየትኛው ሆስፒታል ጋር ውል እንዳላቸው ጠይቁ፤ ውሉን እዩት። የሠርቶ ማሳያ ክፍሉንም ግቡ። ተማሪ የሚለማመድበት አሻንጉሊት በላስቲክ ተጠቅልሎ አቧራ ለብሶ ከሆነ ማንም አልነካውም ማለት ነው። በመጨረሻም ግቢው በር ላይ ቆማችሁ የ3ኛ ዓመት ተማሪ አናግሩ። ከማስታወቂያው የሚሻለው እሱ ነው።

6. ሒሳቡን ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሥሩ

ጎጃም ውስጥ ልጅ ለማስተማር በሬ ይሸጣል፣ ጤፍ ይሸጣል። አንዳንዱ ባሕር ዛፍ ይቆርጣል። ስለዚህ ሒሳቡ የልጁ ብቻ አይደለም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወጪ መጋራት አለ። ውል ትፈርማላችሁ፤ ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ ትከፍላላችሁ። ማደሪያና ምግብ ግቢ ውስጥ ስለሆነ ለቤተሰብ የሚቀረው የኪስ ገንዘብና ትራንስፖርት ነው።

የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሌላ ነው። ቤት ተከራይቶ መኖር አለ። ከገጠር የመጣ ልጅ ከሁለት ሦስት ሆኖ ይከራያል፤ በሶ፣ ሽሮና የጤፍ ዱቄት በማዳበሪያ ከቤት በመኪና ይላክለታል። ይህን የማይችል ቤተሰብ ሊያስብበት ይገባል። ማርቆስ ዘመድ ካለ ትልቅ ነገር ነው።

በግል ኮሌጅ የተጻፈውን ክፍያ ብቻ አትቁጠሩ። መመዝገቢያ፣ ጋዋን፣ የልምምድ ክፍያ፣ የምርቃት ወጪ አሉ። «ከመግባት እስከ መውጣት ጠቅላላው ስንት ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። በመካከል ዋጋ የሚጨምሩ ከሆነ በምን ያህል እንደሚጨምሩም ይጻፍ።

ከዚያ ወጪውን ብቻ ሳይሆን ዓመቱንም ቁጠሩ። ደረጃ 4 ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ከዚያ ዲግሪ የሚማር ሰው ዲግሪ ላይ ሲደርስ ቀጥታ ከገባው ዘግይቶ ነው። ግን በመካከሉ ደመወዝ በልቷል፤ እህት ወንድም አስተምሯል። ሁለቱም ያዋጣል። የማያዋጣው ዕውቅና የሌለው ቦታ ገብቶ አራት ዓመት ማቃጠል ነው።

7. ከምርቃት በኋላ ያለውን ከአሁኑ እወቁ

ዲግሪ የሚማር ሁሉ የመውጫ ፈተና አለበት። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የጤና ሚኒስቴር ደግሞ ለሙያ ፈቃድ የሚሰጠው የብቃት ምዘና አለ። ሁለቱ በዓመቱ እንዴት እንደሚካሄዱ ከትምህርት ክፍላችሁ ኃላፊ አጣሩ፤ በተማሪ ወሬ አትመኑ። ዝግጅቱ የመጨረሻው ወር ሥራ አይደለም። ከ2ኛ ዓመት ጀምሮ ማስታወሻችሁን በየክፍሉ አስቀምጡ።

ሥራ ፍለጋ ላይ ባሕር ዳርን ብቻ የሚያይ ሰው ብዙ ይጠብቃል። የወረዳ ጤና ጣቢያ፣ እንደ መራዊና ደጀን ያሉ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ቶሎ ይገኛሉ፤ እዚያ የሚያዩት የሕመም ዓይነትም ለአዲስ ነርስ ትምህርት ቤት ነው። ማስታወቂያ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በስልክ ብቻ አትጠብቁ።

ማስተርስ ሁለት ዓመት ነው። በሽተኛ አጠገብ መቆየት የሚፈልግ የአዋቂዎች ጤና፣ የሕፃናት ወይም የድንገተኛ ነርሲንግ ይይዛል። ቢሮና ፕሮግራም የሚወድ ወደ ሕዝብ ጤና ይሄዳል። ሰው ሁሉ ወደ ሕዝብ ጤና ሲሮጥ ክፍሉ ልምድ ያለው ነርስ እያጣ ነው፤ ይህ የእኔ ቅሬታ ነው።

ውጭ ለመሄድ ያሰባችሁ ደግሞ ዲግሪውን ያዙ፤ ሁለት ዓመት የሆስፒታል ልምድ ጨምሩ። ለዓረብ አገሮች ዳታፍሎው የሚባል የሰነድ ማጣራትና ፕሮሜትሪክ የሚባል በኮምፒውተር የሚሰጥ የሙያ ፈተና አለ። ለአሜሪካ ኤንክሌክስ የሚባለው የነርስ ፈቃድ ፈተና ነው። ለእንግሊዝ የቋንቋ ፈተና፣ ከዚያ በኮምፒውተርና በተግባር የሚሰጥ ምዘና አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የ55 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። የጤና ባለሙያ እጥረት ስላለባቸው ቀጣሪ ሄዶ እንዳይመለምልባቸው የተባሉ ናቸው። ስለዚህ «እንግሊዝ አስገባለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣ ጆሮ አትስጡ። ራሱ ያመለከተ ሰው ግን አልተከለከለም።

8. የሰነድ ፋይል

የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ትራንስክሪፕት፣ ጊዜያዊ ዲፕሎማ፣ ሲኦሲ ወይም የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የልደት ካርድ፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶ። ዋናውን ቤት አስቀምጡ፤ ሦስት ሦስት ኮፒ አሠሩ፤ ሁሉንም በስልክ ስካን አድርጋችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ። መንገድ የሚዘጋበት፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ እንዳለ ታውቃላችሁ። ስሙ ሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ፊደል በፊደል እዩ። «ኃይለማርያም» አንዱ ላይ ተያይዞ፣ ሌላው ላይ ተለያይቶ ከተጻፈ የሚስተካከለው ፍርድ ቤት በመመላለስ ሊሆን ይችላል። ከምዝገባ በፊት ማስተካከል ከምርቃት በኋላ ከማስተካከል በጣም ይቀላል።

የሙያ ፈቃዱ ባሕር ዳር ከክልሉ ጤና ቢሮ ሲወጣ የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ይጠየቃል፤ የወሰዳችሁትን እያንዳንዱን ሥልጠና ሰርተፊኬት በዚያው ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።